ፊልሙ ሲያልቅ የሚጀመር ትምህርት

የዛሬው ትምህርታዊ ዝግጅታችን በቅድሚያ ለእንግሊዝኛና ለሥነ ዜጋ መምህራን፣ ለተማሪዎቻቸው፣ እንዲሁም ወደ አሜሪካ ለመሄድ ለሚሰናዱ ወገኖች የተሰናዳ ነው። እዚያው አሜሪካ ልጆች የምታሳድጉ ወላጆችም አብራችሁን ብትቆዩ ደስ ይለናል። የምንነጋገረው ታዋቂ ፊልሞችንና በኢንተርኔት በነፃ የሚገኙ መሣሪያዎችን ይዘን የአሜሪካን ባህል እንዴት እናስተምር በሚለው ላይ ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ ላሳስብ።

ስለ አሜሪካ ምንም ሳይሰማ ክፍል የሚገባ ተማሪ የለም። በየሰፈሩ ቪዲዮ ቤት አግዳሚ ላይ ተቀምጦ፣ ከላዩ በአማርኛ የሚተረክ የሆሊውድ ፊልም እያየ ያደገ ትውልድ አለ። ታናናሾቹ ደግሞ በስልካቸው ቁርጥራጭ ቪዲዮ ሲያዩ ያመሻሉ። ሁሉም የአሜሪካ ፖሊስ እንዴት እንደሚናገር፣ ቢጫው የተማሪዎች አውቶቡስ ምን እንደሚመስል፣ ቤቱ ስንት ክፍል እንዳለው ያውቃል፤ ወይም የሚያውቅ ይመስለዋል። መምህሩ ሥራውን የሚጀምረው ከዚህ ነው። ተማሪው ያየውን ነገር ንቆ በመጽሐፍ ብቻ ላስተምር ቢል የሚሰማው አያገኝም። ፊልሙን ከፍቶ ዝም ብሎ ቢቀመጥም አላስተማረም።

እኔ የምለው እንዲህ ነው። ፊልም ስለ አገሩ የሚሰጠውን ቃል እንዳለ ከተቀበልን እንሳሳታለን። ፊልሙን ካየን በኋላ ግን ታሪኩ የተነሣበትን እውነተኛ መዝገብ ከኢንተርኔት ፈልገን ሁለቱን ብናስተያይ፣ በመካከላቸው የምናገኘው ልዩነት ከፊልሙም ከመዝገቡም የበለጠ ያስተምረናል። ፊልሙ የጨመረው ነገር አሜሪካውያን ስለ ራሳቸው ማመን የሚወዱትን ያሳያል። የቀነሰው ነገር ደግሞ ለመናገር የሚከብዳቸውን ያሳያል። ባህል ማለት ሁለቱም ነው።

በምሳሌ ላስረዳ። በ2000 ለእይታ የበቃ፣ ዴንዝል ዋሽንግተን የሚተውንበት «ሪሜምበር ዘ ታይታንስ» የተሰኘ የዲዝኒ ፊልም አለ። ታሪኩ የሚካሄደው በ1971፣ በቨርጂኒያ ግዛት፣ ከዋሽንግተን ዲሲ ከፖቶማክ ወንዝ ማዶ በምትገኘው በአሌክሳንድሪያ ከተማ ነው። ጥቁሮችና ነጮች በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እንዲማሩ ይወሰናል። የትምህርት ቤቱ የአሜሪካን ፉትቦል ቡድን ሄርማን ቡን የሚባል ጥቁር አሠልጣኝ ይሾምለታል፤ የሚከበረው ነጭ አሠልጣኝ ቢል ዮስት ምክትል ሆኖ ይቀራል። ልጆቹ መጀመሪያ ይጠላላሉ፣ ይደባደባሉ። በልምምድ ካምፕ አብረው ሲበሉና አብረው ሲያድሩ ይቀራረባሉ። በመጨረሻም አንድ ጨዋታ ሳይሸነፉ የግዛቱን ሻምፒዮና ይወስዳሉ። ቡንም ዮስትም በእርግጥ የነበሩ ሰዎች ናቸው፤ ቡድኑም ያን ዓመት ሳይሸነፍ ሻምፒዮን ሆኗል።

ይህን ፊልም ከሌሎቹ ያስቀደምኩት በምክንያት ነው። አሌክሳንድሪያ ዛሬ ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩባት ከተማ ናት። የከተማዋ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ለወላጆች መልእክት ከሚያስተላልፉባቸው ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነው። እናም ስለዚያ ትምህርት ቤት ስናስተምር ስለ ራሳችን ልጆች ትምህርት ቤትም እየተናገርን ነው።

ፊልሙን በሙሉ በአንድ ክፍለ ጊዜ ማሳየት አይቻልም፤ ቢቻልም አልመክርም። ለክፍል የምመርጠው አንድ ትዕይንት ነው። አሠልጣኙ ልጆቹን ገና ሳይነጋ ቀስቅሶ በጨለማ ጫካ ውስጥ ያስሮጣቸዋል። ጎሕ ሲቀድ በጉም የተሸፈነ የመቃብር ሥፍራ ይደርሳሉ። ቦታው በፔንሲልቬኒያ ግዛት የሚገኘው ጌቲስበርግ ነው። በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ከጁላይ 1 እስከ 3 ቀን 1863 ከተካሄደው ውጊያ፣ ከሁለቱም ወገን ሃምሳ ሺህ ገደማ ወታደር ሞቷል፣ ቆስሏል፣ ወይም ተማርኮና ጠፍቶ ቀርቷል። አሠልጣኙ በዚያ ቆሞ ስለ ሙታኑና ስለ ጥላቻ ይናገራል፤ ልጆቹ እያለከለኩ ያዳምጣሉ።

መጀመሪያ ድምፁን አጥፍታችሁ አሳዩ። ተማሪዎቻችሁ ጆሯቸው ሥራ ሲፈታ ዓይናቸው ይበረታል። ማን ከማን አጠገብ ቆመ? ጥቁሮቹና ነጮቹ ተቀላቅለዋል ወይስ ለየብቻ ናቸው? አሠልጣኙ ሲናገር ልጆቹ ወዴት ያያሉ? ይህች የመጨረሻዋ ጥያቄ ብዙ ታወያያለች። እኛ ዘንድ ታላቅ ሲቆጣ ታናሽ አንገቱን ይደፋል፤ ዓይን ዓይን ማየት ድፍረት ነው። አሜሪካ ውስጥ አሠልጣኝ ወይም መምህር የሚናገረውን የሚሰማ ልጅ ፊት ለፊት እንዲያይ ይጠበቃል፤ ዓይኑን የሰበረ ልጅ የማይሰማ ወይም የሚደብቀው ነገር ያለው ሊመስል ይችላል። ከኢትዮጵያ የሄደ ልጅ በአክብሮት አንገቱን ሲደፋ መምህሩ ሌላ ትርጉም ሊሰጠው እንደሚችል፣ ወላጅም ልጁም ቀድመው ቢያውቁት ይጠቅማቸዋል። ይህን ሁሉ የሚያነሣሳው የጥቂት ደቂቃ ምስል ነው።

በሁለተኛው ዙር ድምፁን ክፈቱ፣ ከሥር የእንግሊዝኛውን ጽሑፍ አስነብቡ። ዩቲዩብ ላይ ቪዲዮው የሚሄድበትን ፍጥነት ከመደበኛው ወደ ሦስት አራተኛ ዝቅ ማድረግ ይቻላል፤ ድምፁ ብዙም ሳይበላሽ ንግግሩ ይረጋጋል። አንድ ሐረግ ከከበዳቸው «ዩግሊሽ» የሚባለው ድረ ገጽ ላይ ጽፈው ቢፈልጉት፣ ያንኑ ሐረግ የተለያዩ ሰዎች ሲናገሩት ከዩቲዩብ ቪዲዮዎች ውስጥ እየለቀመ ያሰማቸዋል። የአማርኛውን ጽሑፍ ወይም ትረካ ግን ለመጨረሻ አቆዩት፤ ቀድሞ ከመጣ እንግሊዝኛውን የሚያዳምጥ አይኖርም።

አሁን ወደ መዝገቡ እንሂድ። ፊልሙን ያየ ሰው በአሌክሳንድሪያ የጥቁርና የነጭ ልጆች አብረው መማር የጀመሩት በ1971 ነው ብሎ ይነሣል። ታሪኩ ግን ከዚያ ብዙ ቀድሞ የተጀመረ ነው። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በዘር የተለያየ የሕዝብ ትምህርት ቤት ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል ብሎ የወሰነው በ1954 ነው። የቨርጂኒያ መሪዎች ውሳኔውን ላለመቀበል በአዋጅ ተነሡ። ከዚህም አልፎ በዚያው ግዛት የሚገኘው የፕሪንስ ኤድዋርድ አውራጃ፣ ጥቁሮችን ከነጮች ጋር ላለማስተማር ሲል የሕዝብ ትምህርት ቤቶቹን በሙሉ ከ1959 እስከ 1964 ዘግቶ ቆይቷል። አምስት ዓመት! ነጮቹ የግል ትምህርት ቤት ተከፈተላቸው፤ የጥቁሮቹ ልጆች አብዛኞቹ ያለ ትምህርት ቤት ቀሩ።

በአሌክሳንድሪያም እንዲሁ ትግል ነበር። በ1958 አንዲት ጥቁር የትምህርት ቤት ወጥ ቤት ሠራተኛ፣ ልጆቿ ከነጮች ጋር እንዲማሩ በቀረበው ክስ ውስጥ በመግባቷ ከሥራዋ ተባረረች። ያባረራት የከተማው የትምህርት ኃላፊ ቲ.ሲ. ዊሊያምስ ነው። በፌብሩዋሪ 1959 ዘጠኝ ጥቁር ልጆች በፍርድ ቤት ትእዛዝ የነጮቹን ትምህርት ቤቶች ደጃፍ ረገጡ። በ1965 የተከፈተው፣ በፊልሙ የምናየው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ከመጀመሪያው ጀምሮ ጥቁሮችንም ነጮችንም ይቀበል ነበር። በ1971 የሆነው የከተማዋ ሦስት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የከፍተኛ ክፍል ተማሪዎች በአንድ ግቢ መሰባሰባቸው ነው። ቡድኑ የተዋቀረው ከሦስት ተቀናቃኝ ትምህርት ቤቶች ተጫዋቾች በመሆኑ፣ ፉክክሩ የዘር ብቻ አልነበረም።

ሌላም አለ። በፊልሙ የመጨረሻው ጨዋታ እስከ መጨረሻዋ ደቂቃ ልብ የሚሰቅል ነው። በእውነቱ ግን ታይታንስ የተባለው ይህ ቡድን ያሸነፈው 27 ለ 0 ነበር። በፊልሙ ኮከቡ ተጫዋች ጌሪ በርቲየር በመኪና አደጋ የሚጎዳው ከፍጻሜው ጨዋታ በፊት ነው፤ በእርግጥ የተጎዳው ግን የውድድር ዘመኑ አልቆ፣ ከሽልማት ግብዣው በኋላ ነው። ተጋጣሚዎቻቸው ሁሉ የነጭ ብቻ ቡድኖች ተደርገው ቢታዩም፣ በዚያን ጊዜ አብዛኞቹ ትምህርት ቤቶች ጥቁሮችን መቀበል ጀምረው ነበር።

ተማሪዎቹ ይህን ሁሉ ከእናንተ አፍ ሊሰሙት አይገባም፤ ራሳቸው ይፈልጉት። የአሌክሳንድሪያ ከተማ አስተዳደር የታሪክ ገጾች በኢንተርኔት ክፍት ናቸው። የዊኪፔዲያን ጽሑፍ የሚያነቡ ከሆነ ከግርጌው የተዘረዘሩትን ምንጮች እየከፈቱ እንዲመለከቱ አድርጉ። ጎግል ማፕስ ላይ ከተማዋን ፈልገው፣ የመንገድ እይታውን ከፍተው በትምህርት ቤቱ ዙሪያ ባሉት ጎዳናዎች ይዘዋወሩ። ፊልሙ የተቀረጸው በጆርጂያ ግዛት ስለሆነ፣ በፊልሙ ያዩት ከተማና በካርታው የሚያዩት ከተማ አይመሳሰሉም። አንድ ተማሪ ይህን ልዩነት ራሱ ሲደርስበት የሚሰማው ደስታ፣ መምህሩ ሰሌዳ ላይ ከሚጽፈው ሁሉ ይበልጥበታል።

ከዚያ ዋናው ጥያቄ ይቅረብ፤ ፊልም ሠሪዎቹ ይህን ለምን ለወጡ? ጨዋታውን ያከበዱት ተመልካች ልቡ እንዲንጠለጠል ነው፤ ይህ በየትም አገር ያለ የፊልም ሥራ ነው። አሥራ ሰባት ዓመት የፈጀውን ትግል ወደ አንድ የውድድር ዘመን ማሳጠሩ ግን ከዚህ ያለፈ ነገር ይናገራል። ትልቅ በደል በአንድ ጠንካራ መሪ፣ በአንድ ቡድንና በአንድ ድል ሲፈታ ማየት አሜሪካውያን በጣም የሚወዱት የታሪክ ዓይነት ነው። ጠበቆቹ፣ ክስ የመሠረቱት እናቶች፣ ከሥራ የተባረረችው ወጥ ቤት ሠራተኛ፣ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ወደ ክፍል የገቡት ዘጠኙ ልጆች በፊልሙ የሉም። እኔ ፊልሙን አልጠላውም፤ አንድ ወጣት ከማያውቀው ሰው ጋር በአንድ ክፍል ሲያድር የሚለወጠውን ነገር በሚገባ ያሳያል። የነዚያን ሰዎች ድካም ግን ማንም ተማሪ ሳያውቀው ሊያልፍ አይገባም።

አንድ ነገር ልጨምር። ትምህርት ቤቱ ለአምሳ ስድስት ዓመት ያህል ይጠራ የነበረው ያችን ሠራተኛ ባባረረው በቲ.ሲ. ዊሊያምስ ስም ነው። የከተማው የትምህርት ቦርድ ስሙ እንዲነሣ ወስኖ፣ ከ2021 ጀምሮ «አሌክሳንድሪያ ሲቲ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት» ተብሏል። የቡድኑ ስም ታይታንስ ግን እንዳለ ነው። የትኛው ስም ይጠፋል፣ የትኛው ይቆያል የሚለው ክርክር በዛሬይቱ አሜሪካ የጦፈ ነው፤ በእኛም አገር እንግዳ አይደለም። ክፍላችሁን ለሁለት ከፍላችሁ ብታከራክሩበት ጥሩ የቋንቋ ልምምድ ይሆናል።

አድማጮች፣ ወደ ሁለተኛው ፊልም ልለፍ። በ1957 ሲድኒ ሉሜት ያዘጋጀው፣ ሄንሪ ፎንዳ ዋናውን ሚና የሚጫወትበት «ትዌልቭ አንግሪ ሜን» ጥቁርና ነጭ ፊልም ነው፤ ርዝመቱ ዘጠና ስድስት ደቂቃ ነው፤ ከጥቂት ደቂቃዎች በቀር ሁሉም ነገር የሚሆነው በአንዲት ሙቀት በታፈነች ክፍል ውስጥ ነው። ተኩስ የለም፣ የመኪና ሩጫ የለም። ወጣቶችን ያሰለቻል ብላችሁ እንዳትተዉት። አንድ የአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ አባቱን በጩቤ ወግቶ ገድሏል ተብሎ ተከሷል፤ ጥፋተኛ ከተባለ የሚጠብቀው የኤሌክትሪክ ወንበር ነው። ከተራው ሕዝብ የተመረጡ አሥራ ሁለት ወንዶች፣ ጁሪ የሚባሉት፣ በር ተዘግቶባቸው ይወያያሉ። በመጀመሪያው ድምፅ አሥራ አንዱ ጥፋተኛ ነው ሲሉ አንዱ ብቻ እጁን አያነሣም።

ለኢትዮጵያዊ ተማሪ ይህ ሥርዓት ማብራሪያ ይፈልጋል፤ በአገራችን ፍርድ የሚሰጠው ዳኛ ነው። ቢሆንም ሕዝብ በፍትሕ ውስጥ የሚሳተፍበት ልማድ ነበረን። ወላጆቻችን አፈርሳታ ወይም አውጫጭኝ የሚሉትን አስቡ። ወንጀል ሲፈጸም የአካባቢው ሰው ሁሉ ተሰብስቦ፣ ያየና የሰማ እስኪናገር ድረስ ሳይበተን ይቆያል። እዚያ የሚፈለገው የሚያውቅ ሰው ነው። ሽምግልናም እንደዚሁ፤ ሽማግሌ የሚመረጠው ሁለቱም ወገን የሚያውቁትና የሚያከብሩት በመሆኑ ነው። የአሜሪካው ጁሪ ተቃራኒውን ይሻል። ተከሳሹን ወይም ሟቹን የሚያውቅ ሰው ከሸንጎው ይወጣል። በፊልሙ አሥራ ሁለቱ ሰዎች እርስ በርሳቸው እንኳ ስም ሳይለዋወጡ በሰው ሕይወት ላይ ይወስናሉ። አንድ ኅብረተሰብ በማያውቅ ሰው ፍርድ ላይ ይህን ያህል እምነት የሚጥልበት ምክንያት ምንድን ነው? እኛስ በሚያውቁን ሰዎች ላይ የምንጥልበት? በዚህ ጥያቄ ላይ አንድ ሙሉ ክፍለ ጊዜ ቢያልፍ የባከነ አይደለም።

ሁለት ትዕይንት ልጠቁማችሁ። በአንደኛው ከጁሪ አባላቱ አንዱ በድሆች ሰፈር ስላደጉ ሰዎች የጥላቻ ንግግር ያወርዳል። ሌሎቹ አንድ በአንድ ከጠረጴዛው እየተነሡ ጀርባቸውን ይሰጡታል። ያለ አንዲት ቃል የተሰጠ ፍርድ ነው፤ ድምፅ ጠፍቶም ይገባል። በሌላው ሄንሪ ፎንዳ ከኪሱ ጩቤ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ይሰካል። አቃቤ ሕግ ሌላ አይገኝለትም ያለውን ዓይነት ጩቤ፣ በልጁ ሰፈር ካለ ሱቅ በቀላሉ ገዝቶ መጥቷል። ተመልካች ያጨበጭባል። በእውነተኛው የአሜሪካ ፍርድ ቤት ግን ይህ ክልክል ነው፤ የጁሪ አባል በችሎት ከቀረበው ማስረጃ ውጭ ራሱ ሄዶ መመርመር አይፈቀድለትም፤ ካደረገው ሂደቱ ሊፈርስ ይችላል።

እዚህም መዝገቡ ፊልሙን ያርመዋል፣ ያሰፋዋልም። በክፍሉ ውስጥ አንዲት ሴት የለችም፤ አንድ ጥቁርም የለም። ሴቶችን በዘዴ ከጁሪ ማስቀረት ሕገ መንግሥቱን እንደሚጥስ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የወሰነው በ1975 ነው። ፊልሙ አሥራ ሁለቱም መስማማት አለባቸው በሚለው ሕግ ላይ ቆሟል፤ ሆኖም በሉዊዚያናና በኦሬገን ግዛቶች ለረጅም ዘመን የአሥር ሰው ድምፅ ይበቃ ነበር። የሉዊዚያናው ሕግ በ1898 ሲወጣ ጥቁር የጁሪ አባላትን ድምፅ ዋጋ ለማሳጣት ታስቦ እንደነበር የታወቀ ነው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ይህን የሻረው በ2020 ነው። የዚያን ጉዳይ የቃል ክርክር ዛሬ «ኦዬዝ» በሚባለው ድረ ገጽ ማንም በነፃ ማዳመጥ ይችላል። እኔ እንደ ሬዲዮ ሰው በዚህ በጣም እደነቃለሁ። በአንድ አገር ከፍተኛ ፍርድ ቤት ውስጥ ዳኞች ጠበቃን በጥያቄ ሲያፋጥጡ፣ ትንፋሻቸው ሳይቀር ይሰማል። ጎበዝ ተማሪ አምስት ደቂቃውን ቢያዳምጥ ስለ አሜሪካ የክርክር ባህል ብዙ ይማራል፤ እንዴት ይቋረጣሉ፣ እንዴት ሳይሰዳደቡ ይቃወማሉ።

ከሁሉ የሚበልጠው ልዩነት ይህ ነው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ራሱ በ2012 በሰጠው አንድ ውሳኔ እንዳሰፈረው፣ ከፌዴራል የጥፋተኝነት ውሳኔዎች 97 በመቶ፣ ከግዛቶቹ ደግሞ 94 በመቶ የሚሆኑት የሚገኙት ተከሳሹ ጥፋቱን አምኖ ሲቀበል ነው፤ ይህም አብዛኛውን ጊዜ ቅጣት እንዲቀነስለት ከአቃቤ ሕግ ጋር ተደራድሮ ነው። በፊልም የምናውቀው የጁሪ ችሎት በእውነተኛው ሕይወት ብርቅ ነው። አሜሪካ የሚኖር ወይም የሚሄድ ወገናችን ይህን ቢያውቅ አንድ ቀን ይጠቅመዋል፤ ፍርድ ቤት ቢቀርብ የሚጠብቀው ፎንዳን የመሰለ ሰው ሳይሆን ፈርም የሚል ወረቀት ሊሆን ይችላል፤ ጠበቃ ሳያማክር መፈረም የለበትም።

ኑሮን በሚያሳዩ ፊልሞችና ተከታታይ ድራማዎች ላይ ብዙ አልቆይም። ከ1994 እስከ 2004 የታየው «ፍሬንድስ» ዛሬም ብዙ ወጣት እንግሊዝኛ የሚለማመድበት ነው፤ ለጨዋታና ለቀልድ ቋንቋ ጥሩ ነው። በኒውዮርክ እምብርት ያንን የሚያህል አፓርታማ የያዙት ግን ከአያት በወረደ፣ ኪራዩ በሕግ በተገደበ ውል እንደሆነ ድራማው ራሱ ይናገራል፤ ተመልካች ይህን አያስታውስም። ተማሪዎች ሊሄዱበት ያሰቡትን ከተማ የቤት ኪራይ ማስታወቂያ በኢንተርኔት ይፈልጉ። የአሜሪካ የሠራተኛ ስታትስቲክስ ቢሮ በየሙያው የሚከፈለውን ደመወዝና የሚያስፈልገውን ትምህርት የዘረዘረበትን መመሪያ ይክፈቱ። የፌዴራሉ ዝቅተኛ የሰዓት ክፍያ ከ2009 ጀምሮ 7 ዶላር ከ25 ሳንቲም ነው፤ ብዙ ግዛቶች ከዚህ ከፍ አድርገዋል። በፌዴራሉ ልክ አርባ ሰዓት የሠራ ሰው በሳምንት 290 ዶላር ያገኛል፤ ግብሩ ሳይቀነስ። ኪራዩን ከዚህ አጠገብ ጽፈው ይደምሩ፣ ይቀንሱ። ይህችን ሂሳብ በወጉ የሠራ ወጣት አሜሪካ ካለ ዘመዱ ገንዘብ ሲጠይቅ ያስብበታል።

ፊልም የሚጎድለው ሌላው ነገር ተራው ሰው ነው። ለዚህ የምወደው መሣሪያ «ስቶሪኮር» ነው። በ2003 ዴቭ አይሴ በሚባል የሬዲዮ ሰው የተጀመረ ሲሆን፣ የመጀመሪያዋ የመቅረጫ ክፍል የተተከለችው በኒውዮርክ ግራንድ ሴንትራል የባቡር ጣቢያ ነበር። ሁለት የሚተዋወቁ ሰዎች፣ እናትና ልጅ፣ ባልና ሚስት፣ የቀድሞ ወታደሮች ሊሆኑ ይችላሉ፣ ፊት ለፊት ተቀምጠው አርባ ደቂቃ ያህል ይጨዋወታሉ። ቅጂው በአሜሪካ የምክር ቤት ቤተ መጻሕፍት ይቀመጣል። ለአድማጭ የሚቀርቡት ጥቂት ደቂቃ የሚፈጁ ቅንጭብ ጨዋታዎች ናቸው። እዚያ የምትሰሙት እንግሊዝኛ በተዋናይ አፍ የተሞረደ አይደለም፤ ይደናቀፋል፣ ያለቅሳል፣ ዝም ይላል። ስለ ትምህርት ቤት ውህደት ፊልም ካያችሁ በኋላ፣ በዚያ ዘመን ያለፈች አንዲት ሴት ለልጇ ስትናገር መስማት ሌላ ነገር ነው። በዚያውም ተማሪዎቻችሁ አያታቸውን በስልካቸው በአማርኛ ጠይቀው እንዲቀርጹ አድርጉ፤ ጥያቄ ማዘጋጀትንና ማዳመጥን ይማሩበታል።

በስልካቸው ለጥያቄያቸው መልስ የሚሰጥ ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚጠቀሙ ተማሪዎች በዝተዋል። አልከለክልም። ነገር ግን እነዚህ መሣሪያዎች ፊልሙን ከመዝገቡ ጋር ሊያደባልቁና በእርግጠኝነት ሊናገሩ ይችላሉ። የሰጡትን መልስ ከፍርድ ቤት፣ ከቤተ መጻሕፍት ወይም ከከተማ አስተዳደር ገጽ ጋር ማመሳከር የትምህርቱ አካል ይሁን።

ኢንተርኔት በሌለበት፣ መብራት በሚቋረጥበት ትምህርት ቤት ይህ እንዴት ይሆናል የምትሉ መምህራን እንዳላችሁ አውቃለሁ። ለዚህ ነው አጭር ትዕይንት ላይ የማተኩረው። ዋይፋይ ባለበት ቦታ፣ ማውረድ የተፈቀደውን ቪዲዮ በስልክ አውርዳችሁ፣ በአንድ ትንሽ ድምፅ ማጉያ አርባ ተማሪ ማዳረስ ይቻላል። ምስሉ ለሁሉም ካልታየ አምስት አምስት እየሆኑ ያዩና ላላዩት ይተርኩ፤ መተረኩ ራሱ ልምምድ ነው። የመዝገቡን ክፍል ከአንድ ገጽ ላይ አትማችሁ ለየቡድኑ ማደል ትችላላችሁ። ስክሪን የሚያስፈልገው ለትንሹ ክፍል ነው፤ ውይይቱ ምንም ዳታ አይፈጅም።

ከየት እንጀምር ለምትሉ፣ በቻርሊ ቻፕሊን «ዘ ኢሚግራንት» እንድትጀምሩ እመክራለሁ። በ1917 የተሠራ ድምፅ አልባ ፊልም ነው፤ በአሜሪካ የቅጂ መብቱ ጊዜ አልፎበታል፤ በኢንተርኔት በነፃ ይገኛል፤ ከግማሽ ሰዓት ያነሰ ነው፤ ቋንቋም አያስፈልገውም። ስደተኞችን የጫነች መርከብ ኒውዮርክ ስትደርስ የነፃነት ሐውልት ይታያል፤ ተሳፋሪዎቹ ቆመው ሲያዩ የመርከቧ ሰዎች በገመድ አጥረው ወደ አንድ ጥግ ይገፏቸዋል። ይህችን ትዕይንት ሁለት ጊዜ አሳዩና ተማሪዎቻችሁ ያዩትን በአምስት ዓረፍተ ነገር ይጻፉ። አሌክሳንድሪያና አካባቢዋ ያላችሁ ወላጆች ደግሞ በዚህ ሳምንት ከልጆቻችሁ ጋር «ታይታንስ»ን እዩ፤ ከዚያ ልጁ በትምህርት ቤቱ ምሳ ሰዓት ማን ከማን ጋር እንደሚቀመጥ ጠይቁትና ሳታቋርጡ አድምጡት።